የጠፋች አህያ ምልክቷ ምንድን ነው?

በገበያ ቀን ጎረቤላ ላይ አህያ ተደርድሮ ይውላል። ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ በኩል ዳገቱን የወጣው ገበሬ አህያውን እዚያ ያቆማል። ከደጋው፣ በደብረ ብርሃን መንገድ የመጣውም እንዲሁ። ጭነቱን ያራግፋል፤ የአህያዋን የፊት እግር በገመድ ያስራል፤ ከዚያ ወደ እህል ተራ ይገባል። እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙና ገዝቶ፣ ከዘመድ ጋር ተጨዋውቶ ሲመለስ አንዳንድ ቀን ገመዱ ብቻ ይጠብቀዋል።

ይህ በእኛም ደርሷል። ከመካከላችን የአንዱ አህያ ጠፋችና ሦስት ሆነን ወደ ፖሊስ ሄድን።

«ምን ዓይነት አህያ ናት?» ተባልን።

«ዳልቻ ናት።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

«ሌላማ… አህያ ናት እንጂ!»

የሚጽፈው ልጅ ብዕሩን አስቀመጠ። «አባቶች፣ ዛሬ ገበያ ከዋለው አህያ ዳልቻ ያልሆነው ስንቱ ነው?» አለን። አፈርን። አህያዋ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእኛው ጋር ኖራለች። ስንጠየቅ ግን የምንናገረው አጣን። በጀርባዋ ላይ መስቀል አለ ብለን ነበር፤ እሱም አልጠቀመንም። በጀርባዋ የሚወርደው ጥቁር መስመርና በትከሻዋ የሚያልፈው መስመር ተገናኝተው የሚሠሩት መስቀል በአብዛኛው አህያ ላይ ይገኛል።

ያዳነችን የባለ አህያው ሚስት ናት። ወሬውን ሰምታ እየሮጠች መጣች። «ልጄ፣ ጻፍ» አለችው። «ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ተቀዷል። በቀኝ ጎኗ፣ መጫኛው የሚያልፍበት ላይ፣ አውራ ጣት የሚያህል ነጭ ጠባሳ አላት። የኋላ ግራ ሰኮናዋ ስንጥቅ ነው። ውሃ ስታይ ትቆማለች፤ ካልተገፋች አትሻገርም።» ዕለት ዕለት የምትጭናትና የምታራግፋት እሷ ናትና አንዱም አልጠፋት። እኛ ወንዶቹ አህያዋን ከኋላ እየነዳን ኖረን ጎኗን አላየንም ነበር።

በከተማ ብስክሌት ያለው ሰው በዚህ በኩል ይሻላል። ባሕር ዳር በብስክሌት የታወቀች ከተማ ናት። እዚያ ሰው ብስክሌቱን በሰንሰለትና በቁልፍ ከዛፍ ወይም ከብረት ጋር አስሮ ይሄዳል። ደግሞም ብስክሌት ሲሠራ ብዙውን ጊዜ በብረቱ ላይ፣ ፔዳሉ በሚገጠምበት ሥር፣ ቁጥር ይመታበታል። ብስክሌቱ ተሰርቆ ቢገኝና ሁለት ሰው «የእኔ ነው» ቢል፣ ያንን ቁጥር አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ የያዘው ይረታል። ቁጥሩን አይቶት የማያውቅ ባለቤት ግን እንደኛው «ጥቁር ብስክሌት ነው» ብሎ ይቀራል።

አህያ ቁጥር የላትም። ጠባሳዋና ስንጥቋ ቁጥሯ ነው። ለምልክት ብሎ ጆሮዋን መቁረጥ አያስፈልግም፤ ቁስሉ ዝንብ ይሰበስባል፤ ሌባም ሊመስለው ይችላል። ያላትን አይቶ መጻፍ ይበቃል። አሁን ፊደል ቆጥረናልና የሴትዮዋን ቃል እንዲህ አድርገን በደብተር ጻፍነው፦

«ሴት አህያ። መልኳ ዳልቻ። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ተቀዷል። በቀኝ ጎኗ ነጭ ጠባሳ አለ። የኋላ ግራ ሰኮናዋ ስንጥቅ ነው።» ከሥሩ የተገዛችበትን ዓመትና ገበያ፣ የሻጩን ስም፣ የሁለት ምስክሮችን ስም ጨመርን። ስልክ ያለው ጎረቤት ደግሞ በሁለቱም ጎኗ ፎቶግራፍ አነሳልን።

ወደ ፍለጋው እንመለስ። ሌባ የሰረቀውን በዚያው ገበያ አይሸጥም፤ ሰው ያውቅበታል። ወደማይታወቅበት ይነዳል። ከጎረቤላ አንዱ መንገድ ወደ ደብረ ብርሃን ይወስዳል፤ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌላው ቁልቁል ወደ አልዩ አምባና ወደ ቆላው ይወርዳል። እኛ መጀመሪያ አንድ ላይ ሆነን ስንጯጯህ ብዙ ሰዓት አባከንን። ማድረግ የነበረብን መከፋፈል ነው፤ አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል፣ አንዱ ወደ ፖሊስ። በየገበያው ላለ ዘመድም ወዲያው መደወል ነው። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ዱካው ይታያል፤ የተሰነጠቀ ሰኮና በጭቃ ላይ ይለያል።

አህያዋ በአራተኛው ቀን በቆላው በኩል ተገኘች። ይዟት የነበረው ሰው «ገዝቼ ነው» አለ። ወረቀት የለው፣ ምስክር የለው። ወጣቶቹ ሊመቱት ተነሡ፤ እኛ ግን ከለከልን። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ያንን የሚያጣራው ሕግ ነው። ፖሊስ የተጻፈውን ምልክት እያነበበ ጆሮዋን፣ ጎኗን፣ ሰኮናዋን አየ። ሁሉም ገጠመ።

በአባቶቻችን ዘመን ሌባ የሚፈለገው በሌላ መንገድ ነበር። አፈርሳታ ሲጠራ የአገሩ ሰው ሁሉ ሥራውን ፈትቶ ተሰብስቦ ይውላል፤ የቀረ ይቀጣል። ይህስ ደግ ነው፤ ያየ ሰው ይናገራል። ሌባ ሻይ የሚባለው ግን ክፉ ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር መጠጥ ይጠጣና በገመድ ተይዞ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ከደጃፉ የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ስንቱ ንጹሕ ሰው በልጅ መውደቅ ከብቱን አጥቷል!

ስለ መግዛትም አንድ ነገር እንበል። ርካሽ አህያ ስናይ ዓይናችን ይቀላል። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተሰረቀበት ሰው ንብረቱን ከገዢው እጅ ሊያስመልስ ይችላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የገዛውንም ይቀጣል። ስለዚህ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ከየት ቀበሌ እንደመጣ ጠይቀን፣ አጽፈን፣ በምስክር ፊት ብንገዛ ከጣጣ እንድናለን።

ከሁሉ በፊት ግን ጥበቃ ይሻላል። አህያ አንዴ ከታረደች ጠባሳዋን ማን ያያል? በኬንያ ቄራዎች አህያ እየገዙ ቆዳውን ወደ ቻይና ሲልኩ ስርቆት በዝቶ ነበር። ቆዳው ተቀቅሎ መድኃኒት ይሠራበታል። ሌቦች አህያዋን በሌሊት ወስደው በጫካ ያርዱና ቆዳዋን ብቻ ይዘው ይሄዱ ነበር። በእኛም አገር በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ሕዝቡ ስለተቃወመው በዚያው ዓመት ተዘግቷል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ብሎ ማረድ ለ15 ዓመት እንዲቆም ወስነዋል። ነገሩ የቀለለ ቢመስለን፣ አህያ በጠፋባቸው በእነዚያ አራት ቀናት በዚያ ቤት የሆነውን እናስታውስ፤ የውሃው ጀሪካን፣ እንጨቱ፣ ወደ ወፍጮ የሚሄደው እህል ሁሉ በሴትዮዋና በሴት ልጇ ጀርባ ላይ ወጣ። ልጅቷም አራት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች።

አሁን ጎረቤታሞቹ ገበያ ስንወጣ አህዮቻችንን አንድ ላይ እናቆማለን። አንዳችን በተራ ይጠብቃል፤ ትንሽ ልጅ አናስጠብቅም፣ ከረሜላ ያታልለዋል። በቅሎ ያለው እግሯን በእግር ብረት ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይይዛል፤ ገመድ እንደሆነ ማንም እጅ ይፈታዋል። ሌሊት በረቱ ከቤቱ ደጃፍ አጠገብ፣ ውሻው በሚተኛበት በኩል ነው።

ወረቀቷ ከግብር ደረሰኙ ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ከጣሪያው እንጨት ሥር ተሰክቷል። ባለፈው ክረምት ሽቦ ቧጥጧት የፊት ቀኝ ጉልበቷ ላይ ጠባሳ ወጣ። ሴትዮዋ አሁን ራሷ ትጽፋለችና ወረቀቱን አውርዳ ያንንም ጨመረችበት።