ያረጀ ሳንቲም ምን ይመሰክራል? የቀረጻ ስሕተትና የአገልግሎት ጉዳት የሚለዩበት ዘዴ

በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ከሚገኙት አሮጌ ገንዘቦች መካከል ጠርዙ የጎደለ ወይም ያልተለመደ መስመር የሚታይበት ሳንቲም ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ሳንቲም አንድም ገና ሲቀረጽ ስሕተት የተፈጸመበት ነው፤ አንድም ከመቅረጫ ቤት ከወጣ በኋላ የተጎዳ ነው። የቀረጻ ስሕተት ያለበትን ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ በውድ ዋጋ ይፈልጉታል፤ የተጎዳው ግን ዋጋው ይቀንሳል። ልዩነቱን ያልተረዳ ሰው ተራ ጭረትን እንደ ብርቅ ነገር ሊገዛ፣ ብርቅ የሆነውንም በርካሽ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ለመለየት የሚረዱትን መርሆዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ሳንቲም እንዴት ይቀረጻል?

በመጀመሪያ ከዝርግ ብረት ላይ ክብ ቁራጮች ይቆረጣሉ። ቀጥሎ የቁራጩ ዙሪያ በመሣሪያ ተጨምቆ ከንፈር እንዲያወጣ ይደረጋል። በመጨረሻም ቁራጩ በቀለበት ውስጥ ተቀምጦ ከላይና ከታች በሁለት ጠንካራ የብረት ማኅተሞች በታላቅ ኃይል ይመታል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው፣ በማኅተሙ ላይ የጎደጎደው ሁሉ በሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ የሚወጣ መሆኑ ነው።

ከፍታና ዝቅታ

ማኅተሙ በተደጋጋሚ ምት ሲሰነጠቅ፣ የሚመታው ብረት ወደ ስንጥቁ ይገባል። በመሆኑም በሳንቲሙ ላይ የሚታየው ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ነው። በአንጻሩ ሳንቲሙ በስለት ሲጫር መስመሩ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ይሆናል፤ የተገፋውም ብረት በመስመሩ ዳርና ዳር ይከመራል። ይሁን እንጂ ዝቅ ያለ ምልክት ሁሉ ጉዳት ነው ማለት አይደለም። በምቱ ጊዜ ክር ወይም የብረት ፍንጣሪ በማኅተሙና በቁራጩ መካከል ቢገባ የጎደጎደ አሻራ ይተዋል። በዚህ ጊዜ ግን በዳሩ የተከመረ ብረት አይታይም።

የመበስበስ ምስክርነት

ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አስቀድሞ የሚፋቀው ከፍ ያለው ክፍል ነው። ከቀረጻ የመጣ ከፍ ያለ መስመር ከአካባቢው ጋር አብሮ ይፋቃል፤ ቀለሙም ከዙሪያው ጋር አንድ ይሆናል። የጠቆረውን ገጽ ጥሶ የሚያበራ ጭረት ግን የቅርብ ጊዜ ጉዳት ነው። ሆኖም የቆየ ጭረትም ከጊዜ ብዛት ስለሚጠቁር፣ የምልክቱ ማርጀት ብቻውን የቀረጻ ስሕተት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

የጎደለ ጠርዝ

ቁራጩ ሲቆረጥ አስቀድሞ የተበሳውን ቦታ ከነካ፣ ሳንቲሙ የተነከሰ መስሎ ይወጣል። እንዲህ ያለው ቁራጭ ከንፈር ሲወጣለት በጎደለው በኩል የሚይዘው ነገር ስለሌለ፣ ከጉድለቱ ትይዩ ያለው ጠርዝ ብዙ ጊዜ ደካማ ሆኖ ይቀራል። ጠርዙ ኋላ በሞረድ ወይም በመቀስ የተቆረጠ ከሆነ ግን ትይዩው ጠርዝ ሙሉ ነው። ክብደት መመዘንም ይጠቅማል። ለምሳሌ አዲስ የማርያ ቴሬዛ ብር ወደ 28 ግራም ይመዝናል። ነገር ግን መፋቅም ክብደት ስለሚቀንስ ሚዛን ለብቻው ፍርድ አይሰጥም።

አንድ የታወቀ ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ የዴንቨር መቅረጫ ቤት አንድ ማኅተም ከልክ በላይ ስለተፋቀ፣ በአምስት ሳንቲሙ ላይ ያለው ጎሽ አንድ የፊት እግሩን አጥቶ ወጣ። ይህ ሳንቲም በውድ ዋጋ የሚፈለግ በመሆኑ፣ አጭበርባሪዎች የተራውን ሳንቲም እግር በመፋቅ አስመስለው ይሠሩታል። እውነተኛው ግን ከማኅተሙ የመጡ፣ ከጎሹ ሆድ በታች የሚታዩ ከፍ ያሉ ነጠብጣቦች አሉት። የፋቀ እጅ ብረትን ሊቀንስ እንጂ ከፍታን ሊጨምር አይችልምና።

ስሕተትም ጉዳትም ያልሆኑ

በአገራችን ገንዘቦች ላይ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 1936 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበት የመዳብ ሃያ አምስት ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ኋላ ግን ከሃምሳ ሳንቲሙ እንዲለይ ጠርዙ ወጣ ገባ ተደረገ። በዳግማዊ ምኒልክ ብሮች ላይም አንበሳው የሚያነሣው እግር በአንዳንዶቹ ቀኝ፣ በሌሎቹ ግራ ነው። እነዚህ ታስበው የተደረጉ ለውጦች ናቸው። ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳው የማርያ ቴሬዛ ብር በሰብሳቢ ዓይን የተጎዳ ቢሆንም፣ ገንዘቡ በኅብረተሰቡ ዘንድ የነበረውን ሌላ አገልግሎት የሚያስረዳ የታሪክ ማስረጃ ነው።

ስለሆነም አጠራጣሪ ሳንቲም ያገኘ ሰው በአሸዋ፣ በአመድ ወይም በአሲድ ከማጠብ ይቆጠብ። የጠቆረው ገጽ ሲነሣ የጭረቱን ዕድሜ የሚናገረው ምስክር አብሮ ይጠፋልና። አጉሊ መነጽር፣ ትንሽ ሚዛንና ለማነጻጸር የሚሆን ተመሳሳይ ጤነኛ ሳንቲም ለመነሻ ይበቃሉ። ከዚያም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ምልክት የቀረጻው ሂደት ሊሠራው ይችላልን? መልሱ «አይችልም» ከሆነ፣ የምናየው ከመቅረጫ ቤት ውጭ የደረሰ ነው።