የብረት ኪኒኑና የቡናው ሰዓት

በእርግዝና ክትትል ላይ የሚታደለው የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ሲያዩት ቀላል ነው፤ አንዱ ፍሬ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይዟል፣ በቀን አንዴ ይዋጣል፣ አለቀ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በእርግዝናቸው ኪኒኑን የወሰዱት እናቶች 42 በመቶ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የዘለቁት ደግሞ 5 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። እዚህ ላይ መጋዘን ባዶ ነበር የሚል ይኖራል፤ እጥረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ጀምሮ ማቋረጥን በእጥረት ብቻ ማስረዳት ይከብዳል፤ ከኪኒኑ ጋር መሰጠት የነበረበት ቃል ጎድሏል።

ብረት ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል። የሚያጠቁረው አንጀት ሳይመጠው ያለፈው ብረት መሆኑን ያልሰማች ነፍሰ ጡር ጥቁር ሰገራ ስታይ ብትደነግጥ፣ ኪኒኑንም ብትተው ምን ይፈረድባታል? ቡናውም አለ። በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ብረቱን አንጀት ውስጥ አስረው እንዳይመጠጥ ያደርጉታል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና እንኳ ከምግቡ ጋር የተጠጣውን ያህል እንደሚያግድ ታይቷል። ምሳ በልታ፣ ኪኒኗን ውጣ፣ ከአቦል እስከ በረካ የተቀመጠች ሴት መድኃኒቷን በከፊል በስኒ አጠበችው ማለት ነው። ቡና ተዪ ማለት ሰሚ የሌለው ምክር ነው። ከእራት ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ልትተኚ ስትይ ውሰጂው ማለት ግን ይሰማል፤ ማቅለሽለሹንም እንቅልፍ ያሳልፈዋል።

ጤፍ የሚበላ ሰው ምን ብረት ይቸግረዋል የሚሉም አሉ። በጤፍ ውስጥ ብረት አለ፤ ብረቱን የሚያስር ፋይቴትም አለ። የሊጡ መቡካት ፋይቴቱን ቢቀንሰውም የእርግዝናን ፍላጎት በእንጀራ ብቻ መሙላት ያስቸግራል። ፎሊክ አሲዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ የፅንሱ የነርቭ ቧንቧ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ በዚያው ጥናት ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመረችው ከአምስት እናቶች አንዷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ስለ ፎሊክ አሲድ መነገር ያለበት ከእርግዝናው በፊት፣ ጤና ኬላ ለወሊድ መቆጣጠሪያ ለመጣችው ሴት ጭምር ነው።

ወረፋው እስከ ደጅ በተሰለፈበት ጤና ጣቢያ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ይመጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለ ሰገራው ቀለምና ስለ ቡናው ሰዓት መናገር ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። አዋላጅ ነርሶች ሆይ፣ እነዚህን ሳትነግሩ ካርዱ ላይ «ተሰጥቷል» ብላችሁ አትጻፉ።