ሠራተኛው ነው ወይስ አሠራሩ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ የማውቀው የማምረቻ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ደወለልኝና "አንድ አስቸጋሪ ሠራተኛ አለን፤ የስንብት ደብዳቤውን ይዩልን" አለኝ፡፡ የሰውየው ጥፋት ማርፈድ ነው፡፡ በዓመቱ ውስጥ ከሃያ ጊዜ በላይ አርፍዷል፡፡ የግል ማህደሩ ይምጣ አልኩ፡፡ ውስጡ የቅጥር ደብዳቤ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒና ሁለት የዓመት ፈቃድ ቅጽ ብቻ ነበር፡፡ አንድም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የለም፡፡ "በቃል ስንት ጊዜ ነግረነዋል!" አሉኝ፡፡

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 የቃል ወቀሳን አይቆጥርም፡፡ ሠራተኛን በማርፈድ ምክንያት ወዲያውኑ ለማሰናበት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈዱ መረጋገጥ አለበት፡፡ አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ዝም ብሎ ካሳለፈም መብቱ ይቀራል፡፡

የሰው ሀብት ኃላፊውን "ለመሆኑ ለምን እንደሚያረፍድ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?" ብዬ ጠየቅሁት፡፡ "እሱ የእኛ ሥራ አይደለም፤ የእኛ ሥራ ሰዓት መቆጣጠር ነው" ሲል መለሰልኝ፡፡

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፡፡ በእኔ ዕድሜ የዚያ ቢሮ በር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ መጀመሪያ ፐርሶኔል፣ ቀጥሎ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ አሁን ደግሞ የሰው ሀብት ልማት ሆኗል፡፡ በብዙ ቦታ ውስጥ ያለው ሥራ ግን ያው ፊርማ መቆጣጠር፣ ፈቃድ መሙላትና ደብዳቤ መጻፍ ነው፡፡ ምርት ሲቀንስ ቴክኒክ ክፍሉ ይጠራል፤ ሽያጭ ሲወርድ የሽያጭ ኃላፊው ይጠራል፤ የሰው ሀብት ኃላፊው የሚጠራው ሰው ሲባረር ነው፡፡

ጉዳዩ ከትርፍና ኪሳራ ጋር ምን ያገናኘዋል ለሚል፣ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረው የጄኔራል ሞተርስ መኪና መገጣጠሚያ ጥሩ ማስረጃ ነው፡፡ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲዘጋ ስሙ የከፋ ነበር፡፡ በየዕለቱ ከአምስት ሠራተኞች አንዱ ያህል ይቀራል፣ በሥራ ላይ መጠጣት የተለመደ ነው፣ ያልተፈታ አቤቱታ በሺህ ይቆጠራል፡፡ ጥፋቱ ሁሉ በሠራተኛውና በሠራተኛ ማኅበሩ ላይ ተላከከ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1984 ቶዮታ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር በሽርክና፣ ኑሚ በሚል ስም ፋብሪካውን መልሶ ከፈተው፡፡ ሕንፃው ያው፣ ማኅበሩ ያው፣ አብዛኞቹ ሠራተኞችም እነዚያው "የማይረቡ" የተባሉት ነበሩ፡፡ በ1986 መጨረሻ ግን ምርታማነቱ ከየትኛውም የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ በለጠ፡፡ ቀሪው ሠራተኛም ከመቶ 3 እና 4 ድረስ ወረደ፡፡

ምን ተቀየረ? በመቶዎች የሚቆጠሩ የቡድን መሪዎችና ሠራተኞች ጃፓን ሄደው ሠለጠኑ፡፡ ለአለቆች ብቻ የተለየው ምግብ ቤት ቀረ፡፡ ከሁሉ የሚገርመኝ ገመዱ ነው፡፡ ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ሲያይ ከራሱ በላይ የተዘረጋውን ገመድ መሳብ ይችላል፤ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ በሙሉ ይቆማል፡፡ ገመዱ ሲሳብ የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል፤ የሚመጣው ለመርዳት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1988 ገበያ ቀዝቅዞ ምርት ሲቀንስም ድርጅቱ በኅብረት ስምምነቱ የገባውን ቃል ጠብቆ ሠራተኛ አልቀነሰም፤ ሥራ የፈታውን ሥልጠና አስገባው፡፡ በእኔ ግምት ሠራተኛው ገመዱን ሳይፈራ እንዲስብ ያደረገው ይህ ቃል ነው፡፡ እባረራለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ስህተት አያሳይም፣ ይደብቃል፡፡

የሥራ ቦታ ባህል ሁሉን ያድናል ግን አልልም፡፡ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከስር ከሽርክናው ወጣ፤ ኑሚም በ2010 ተዘጋ፡፡

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ሕጉ ራሱ ለጠንካራ የሰው ሀብት ኃላፊ ብዙ መሣሪያ ሰጥቷል፡፡ በጽሑፍ እስከተደረገ ድረስ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ አለ፡፡ ስንቱ አሠሪ ነው በእነዚህ ቀናት ሠራተኛውን በወጉ የሚመዝነው? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም እንደ በትር ብቻ መታየት የለበትም፡፡ ሠራተኛው ቁጭ ብሎ ምክንያቱን የሚያስረዳበት አጋጣሚ ነው፡፡ ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር፣ ይግባኝ ሰሚው ደግሞ እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊያስከፍል ይችላል፡፡

ያ ድርጅት ምክሬን አልሰማም፤ ሰውየውን አሰናበተው፡፡ ፍርድ ቤት ወደ ሥራው እንዲመለስ ወሰነ፤ ውዝፉም ተከፈለው፡፡ በኋላ እንደሰማሁት ሰውየው ማርፈድ የጀመረው የሠራተኞች ሰርቪስ መስመሩን ቀይሮ በሁለት ታክሲ መምጣት ግድ ከሆነበት በኋላ ነው፡፡ ማለዳ ሁለት ታክሲ መያዝ ምን እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል፡፡ ሰርቪሱ ወደ ቀድሞው መስመር አልተመለሰም፡፡ ሰውየውም ከአራት ወር በኋላ በሕጉ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ለቀቀ፡፡ ማሽኑን ከእሱ እኩል የሚያውቅ ሰው ለማግኘት ድርጅቱ ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ አወጣ፡፡