በመተማ ቆላ የኳስ ዳኛ ስለ መሆን

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲገባ ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። ማመልከቻ ጻፍልን ይሉታል፤ የመድኃኒቱን ወረቀት አንብብልን ይሉታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሜዳ ዳር ቆሞ ሳለ «አንተ የተማርህ ነህ፥ ከማንም ወገን አይደለህም፤ እንካ አጫውተን» ብለው ፊሽካ ይሰጡታል። እምቢ ማለት ነውር ስለ ሆነ ይቀበላል። ይህን ጽሑፍ ያሰናዳነው ፊሽካ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚይዙ ጓደኞቻችን ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው የመተማንና የምዕራብ ጎንደርን ቆላ ነው። ከጎንደር በአዘዞ፥ በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል የሚወርደው መንገድ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ ድንበር ይሆናል፤ ማዶው የሱዳኑ ጋላባት ነው። አገሩ የሰሊጥና የጥጥ አገር በመሆኑ ለአረምና ለአጨዳ ከየደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ሜዳ ላይ አማራው፥ ቅማንቱ፥ ጉሙዙ፥ አገው፥ ከትግራይ የመጣውና ዐረብኛ ተናጋሪው ነጋዴ ሊገናኙ ይችላሉ። በ2011 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ በአማራና በቅማንት ወገኖች መካከል በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፤ ብዙ ቤተሰብም ተፈናቅሏል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያሰደዳቸው ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ፊሽካ የተነፋበት ተጫዋች «ምን አጠፋሁ» ማለቱን ትቶ «ወገናችንን ጠልቶ ነው» ካለ፥ ነገሩ ከኳስ ሜዳ ወጥቷል ማለት ነው።

ታዲያ ዳኛው ይህን ሁሉ የሚገታበትን ሥልጣን ከየት ያገኛል? በአማርኛ በችሎት የሚፈርደውም ኳስ የሚያጫውተውም ስሙ አንድ ነው። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ የተጣሉ እንደ ሆነ አላፊውን አስቁመው ዳኘን ይሉት ነበር። መንገደኛው ሹመትም ወታደርም የለውም፤ ሥልጣኑ የሁለቱ ተከራካሪዎች ፈቃድ ብቻ ነበር። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል የሚባለውም ስለዚህ ነው።

የእግር ኳስም አጀማመር ከዚህ እምብዛም አይርቅም። በእንግሊዝ አገር ሁለቱ ቡድኖች አንድ አንድ ዳኛ ያቀርቡ ነበር፤ ሦስተኛው ሰው ከሜዳ ውጭ ሆኖ ሁለቱ ያልተስማሙበትን ብቻ ይቈርጥ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ከወደቁ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1891፥ ሕጉ ተለውጦ ሦስተኛው ሰው ወደ ሜዳው ገባ፤ ሁለቱ ደግሞ የመስመር ዳኞች ሆኑ። ከዚህ የምንማረው ዳኛ ሥልጣኑን ከሁለቱ ወገን ተቀብሎ የሚገባ ሰው መሆኑን ነው። እንግዲህ ትልቁ ሥራው ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት ያለው ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን አምበሎች ጠርቶ አብሮአቸው ሜዳውን መዞር ይገባል። የቆላው ጥቁር አፈር በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ እግር የሚይዝ ስንጥቅ ሁሉ ይደፈን። የግብ ስፋት በሕጉ 7.32 ሜትር፥ ቁመቱ 2.44 ሜትር ነው። አግዳሚ እንጨት ከሌለ ገመድ ይታሰር፤ ገመድም ከሌለ «በላይ ሄደ» የሚባለው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ አምበሎቹ ሰው እየሰማ ይስማሙ። ኳሱ መረብ በሌለው ግብ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ስምምነት የለምና። ፔናልቲ ከግቡ 11 ሜትር ላይ ይመታል፤ ቅጣት ምት ሲመታ ተከላካዩ የሚርቀው 9.15 ሜትር ነው፤ ይህም በረጅም እርምጃ አሥር ያህል ይሆናል። ከሰባት ተጫዋች በታች የቀረበ ቡድን ሊጫወት አይችልም።

ጊዜው ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ መሆኑ የታወቀ ነው። የመተማ ፀሐይ ግን ሕግ አላነበበችም። ሕጉ ራሱ የውድድሩ ደንብ ከፈቀደና ዳኛውና ሁለቱ ቡድኖች አስቀድመው ከተስማሙ ጊዜውን ማሳጠር ይቻላል ይላል፤ በየአጋማሹም ለውኃ መቆም የተፈቀደ ነው። የመስመር ዳኛ ካልተገኘ ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ጨርቅ ይዞ ኳሱ ከመስመር መውጣቱን ብቻ ያሳይ፤ ኦፍሳይድን ዳኛው ለራሱ ያስቀር።

ጨዋታው ሲጀመር ከኳሱ አለመራቅ ነው። ከሩቅ የታየ ጥፋት ትክክል ቢሆንም አይታመንም። ልማዱ ሜዳውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አሰያፎ መሮጥ ነው። ፊሽካው ጮኾ ይነፋ፤ እጅም ወዲያው አቅጣጫ ያሳይ። ጥፋት የተሠራበት ቡድን ኳሱን ይዞ ወደፊት የሚሄድ ከሆነ ግን ማለፍ ይበልጣል።

በየቋንቋው ሰው በሚሰበሰብበት ሜዳ ካርድ ከንግግር ይሻላል። ነገሩም የተፈለሰፈው ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዝና አርጀንቲና ሲጫወቱ ማን እንደ ተቀጣ ግራ በማጋባቱ፥ እንግሊዛዊው ኬን አስተን የመንገድ መብራት አይቶ ቢጫና ቀይ ካርድን አሰበ፤ በ1970 በሜክሲኮ የዓለም ዋንጫም ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ዋንጫ ኢትዮጵያዊው ሥዩም ታረቀኝ የስዊድንንና የእስራኤልን ጨዋታ ዳኝተዋል። ፊሽካ የወንድ ብቻ ነው የሚል ካለም፥ ልድያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 የሴቶች የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዷ እንደ ነበረች እናስታውሰዋለን።

ከሁሉ የሚከብደው ፍርዱ ሕዝቡን ያስቆጣ እንደ ሆነ ነው። ሕጉ ጨዋታው እንደገና ከመጀመሩ በፊት ፍርድን ማስተካከል ይፈቅዳል፤ ከተጀመረ በኋላ ግን አይፈቅድም። ዳኛው ከአምበሎቹ በቀር ከማንም ጋር አይከራከር። ሰው ሜዳውን ከወረረ ጨዋታውን ማቆም ሥልጣኑ ነው፤ ከሰው ደም ኳስ አይበልጥም።

አንድ ፈተና ግን ከጩኸቱ ይልቅ ይጎዳል፤ እሱም ማካካሻ ነው። ለአንዱ ፔናልቲ ከሰጠን ለሌላውም እንስጥ፥ ሰላም ይውረድ ማለት ደግ አሳብ ይመስላል። በሽምግልና ይህ መልካም ነው፤ ሽማግሌ ካሣውን አካፍሎ ያስታርቃል። ዳኛ ግን ያላየውን አይሰጥም። ያካካሰ ዳኛ ፍርዱ ሁሉ በሚዛን የሚሸጥ መሆኑን ለሁለቱም ወገን ነግሮአል፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ የጮኸ ብዙ ያገኛል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ፊሽካው ሲሰጠን አንሽሽ። ጎረቤት ጎረቤቱን በሚጠረጥርበት አገር፥ ሁለት ወገን በአንድ ሰው ፍርድ ተስማምቶ እስከ መጨረሻው ቢጫወትና ተጨባብጦ ቢለያይ፥ ያ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ነገር አይደለም። የተሸነፈው ቡድን አምበል «በሚመጣው እሑድም አንተው አጫውተን» ካለ፥ ዳኛው የሚያገኘው ደመወዝ ያ ነው፤ ሌላም የለው።