በአጭበርባሪው ላይ መሳቅ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሁለተኛው ቡና ተቀድቶ እኔና ጎረቤታችን እማማ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስንጨዋወት፥ የእህቴ ልጅ ከሶፋው ጥግ ስልኳን ይዛ በሳቅ ትንፈቀፈቃለች። «ምን አገኘሽ?» ብንላት ስልኩን ወደኛ አዞረችው። አንድ አሜሪካዊ ጎልማሳ ድምፁን ለውጦ እንደ ሰማንያ ዓመት አሮጊት ያወራል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው ደግሞ «አታስገቢው! ቁጥሩን አታስገቢው!» እያለ ይጮኻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደዋዩ ከታወቀ የኮምፒዩተር ድርጅት የደወለ መስሎ፥ አሮጊቷ ከሱቅ የስጦታ ካርድ ገዝታ፥ የተሸፈነውን ፍቃ ቁጥሩን እንድታነብለት ይጠይቃል። ቁጥሩን ከሰማ በኋላ ገንዘቡ የሱ ነው፤ ማንም አይመልሰውም። አሮጊት መሳዩ ግን እሺ እሺ እያለ ሰዓታት ካስጠበቀው በኋላ፥ ቁጥሩን በራሱ ሒሳብ ላይ ሲያስገባ በኮምፒዩተሩ መስኮት ያሳየዋል። ሲሳዩ ከእጁ ሲያመልጥ የሚያየው አጭበርባሪ እሪ ይላል። ይህ ሰው ኪትቦጋ በሚል ስም የሚታወቅ ነው። ወደዚህ ሥራ የገባው አያቱ በመርሳት በሽታ ተይዘው በእንዲህ ያሉ ሰዎች መታለላቸውን ካየ በኋላ እንደሆነ ተናግሯል።

እኔም ሳቅሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ! ሌባን ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው እንዲሉ፥ የአታላይ መታለል ደስ ያሰኛል። እማማ ግን አልሳቁም። ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡና «ያ ሰውዬ እኮ ለኔም ደውሎልኛል» አሉ።

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ፥ አራት ልጆች ለወግ ለማዕረግ ያበቁ፥ የዕድር ሒሳብ ሳንቲም ሳያጎድሉ የሚይዙ ሴት ናቸው። ደዋዩ በሙሉ ስማቸው ጠርቶ «እማማ፥ ከቴሌ ነው፤ ሽልማት ወጥቶልዎታል» አላቸው። ስሜን ያወቀ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው ብለው አመኑት። ቀጥሎ በስልካቸው አንድ ቁጥር መጣ፤ አንብቡልኝ አላቸው፤ አነበቡ። ከዚያ የሚስጥር ቁጥራቸውን ጠየቃቸው፤ ነገሩት። እቁብ ደርሷቸው በቴሌብር ያስቀመጡት 14 ሺህ ብር ቡናው ሳይፈላ ተነሣ። ይህን ሲያጫውቱን ስምንት ወር አልፎታል። ከልጆቻቸው አንዱም አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስማችንን ማወቅ ምንም ጥበብ አይፈልግም። ማንም ሰው በቴሌብር ገንዘብ ለመላክ የስልክ ቁጥራችሁን ሲያስገባ፥ ለተሳሳተ ሰው እንዳይልክ ተብሎ የባለቤቱ ስም ይታየዋል። ለኛ ጥንቃቄ የተሠራውን ነገር አጭበርባሪው መግቢያ በር አደረገው ማለት ነው። ስለዚህ «ስሜን ጠርቶኝ የለም እንዴ!» ብላችሁ የምታምኑ ካላችሁ፥ ከዛሬ ጀምሮ እንዳታምኑ እለምናችኋለሁ።

የእህቴ ልጅ ታሪኩን ስትሰማ ደሟ ፈላ። «እንዲህ ዓይነቱን ነው ማንጨርጨር!» ብላ ዛተች፤ አልቀረችምም። በሳምንቱ ለሷም ሲደወልላት፥ እንደ አሮጊት እየተንቀራፈፈች፥ መነጽሬን ላምጣ፥ ድመቷ ወተቱን ደፋችው እያለች ደዋዩን አርባ ደቂቃ ያህል አቆየችው። ጓደኞቿ ከጎኗ ሆነው ይቀርጻሉ። በመጨረሻ ሳቃቸው አፈትልኮ ሲሰማው፥ ሰውየው ለአፍታ ዝም አለና በሙሉ ስሟ ጠርቶ ለመጻፍ የሚያሳፍር ስድብ አወረደባት፤ «ሠፈርሽን አውቀዋለሁ» ሲልም ጨመረበት። ያውቅ ይሆን አያውቅ እንጃ፤ ልጅቷ ግን ሦስት ቀን ብቻዋን ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ካሜራ ፊት የሚቀልዱት የውጭ አገር ሰዎች ስማቸውን የሚደብቁት፥ በራሳቸው የስልክ ቁጥርም የማይነጋገሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው መጣ። አጭበርባሪን ማጭበርበር፥ በሱም መሳቅ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም?

ጥቅም የለውም አልልም። አርባ ደቂቃ ከቀልደኛ ጋር ያባከነ አጭበርባሪ በዚያ አርባ ደቂቃ ሌላ እናት አልዘረፈም። ኦ ቱ የተባለው የብሪታንያ የስልክ ኩባንያ በእ.ኤ.አ. ኅዳር 2024 ይህንኑ አስቦ ዴዚ የምትባል አያት አቀረበ፤ ሰው አይደለችም፤ ኮምፒዩተር ናት። አጭበርባሪው ሲደውል ስለ ሹራብ ሥራዋና ስለ ድመቷ እያወራች ጊዜውን ትበላበታለች። ጂም ብራውኒንግ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው የሰሜን አየርላንድ ሰው ደግሞ ከቀልድ አልፎ ሄዷል። በዴልሂ አጠገብ ከነበረ የማጭበርበሪያ ቢሮ ኮምፒዩተርና የጥበቃ ካሜራ ውስጥ ገብቶ የቀዳውን ማስረጃ ቢቢሲ በ2020 በፓኖራማ ዝግጅቱ አሳየው፤ ፖሊስም ቢሮውን ከበበ። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁንና ያው ሰው በሐምሌ 2021 ከዩቲዩብ ነን ባሉ አጭበርባሪዎች ተታሎ የራሱን ገጽ በገዛ እጁ አጥፍቷል። በኋላ ተመለሰለት። ይህን ለእማማ ስነግራቸው «እሱ የተማረው?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ፊታቸውም ፈካ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ወደ ሌላው ሰው ኮምፒዩተር መግባት በአገራችን ወንጀል ነው። ባለቤቱ ሌባ ቢሆንስ ብሎ በር የሚከፍት ቃል አላየሁበትም። ልጆቻችሁ ጀግና ነኝ ሲሉ ተከሳሽ እንዳይሆኑ ይህን ንገሯቸው።

ቀልዱ ራሱስ እስከ ምን ድረስ ነው? ከሃያ ዓመት በፊት አጭበርባሪዎች በኢሜይል በሚሠሩበት ዘመን፥ በተለይ ምዕራብ አፍሪካውያኑን መቀለጃ ማድረግ በአውሮፓና በአሜሪካ እንደ ስፖርት ተይዞ ነበር። ፎቶግራፍ ተነሥተህ ላክ፥ አሳ በራስህ ላይ አስቀምጥ፥ የሚያሳፍር ጽሑፍ ይዘህ ቁም ይሏቸዋል፤ ገንዘብ የሚያገኙ የመሰላቸውም ያደርጉታል። አንዱን ናይጄሪያዊ እስከ ቻድ ምሥራቃዊ ከተማ እስከ አቤሼ አጓጉዘውት ነበር፤ በጊዜው በዳርፉር ጦርነት ምክንያት ለሕይወት የሚያሰጋ አካባቢ ነው። ይህ በእ.ኤ.አ. 2008 በአሜሪካ ራዲዮ ተተርኳል። አጭበርባሪ ነው፤ እሺ። ነገር ግን ጥቁር ሰው አሳ ተሸክሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ለጥፎ የሚስቅ ሰው የተዘረፈችውን አሮጊት እያሰበ ነው የሚስቀው ብትሉኝ አላምንም።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላው ጉዳይ ነው፤ እሱም ከኛው ደጅ ይደርሳል።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. በምሥራቅ ማይናማር የሚንቀሳቀስ አንድ የታጠቀ ቡድን፥ ከማጭበርበሪያ ግቢዎች የወጡ 260 ሰዎችን በድንበሩ ወንዝ በኩል ለታይላንድ ሠራዊት አስረከበ። የሃያ አገር ዜጎች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ቀደም ሲል በነሐሴ 2015 ባወጣው ዘገባ፥ በማይናማር ቢያንስ 120 ሺህ፥ በካምቦዲያ ደግሞ 100 ሺህ ያህል ሰዎች በግዳጅ በዚህ ሥራ ሳይያዙ እንዳልቀሩ ገልጿል።

እነዚህ ልጆች እንዴት ደረሱ? በታይላንድ በኮምፒዩተር የሚሠራ፥ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ አለ ይባላሉ። እንግሊዝኛ የሚናገር፥ ጽሕፈት የሚችል ወጣት ይፈለጋል። አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበላቸው መኪና ሆቴል ያደርሰናል ሲሉ ድንበር ያሻግራቸዋል። ፓስፖርት ይቀማል። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ፥ ቆንጆ ሴት መስለው ከባሕር ማዶ ብቸኛ ሰዎችን በፍቅርና በንግድ ወሬ እየሸነገሉ ገንዘብ ማውጣት ነው ሥራቸው። የተመደበለትን ያላሟላ ይደበደባል፤ በኤሌክትሪክ የተሰቃዩም አሉ። ልሂድ ያለ ማስለቀቂያ ይጠየቃል፤ ስልኩም አዲስ አበባ ላለች እናት ይደወላል። ያቺ እናት ቤቷን ሸጣ ትልካለች።

እስቲ አስቡት። አንዲት አሜሪካዊት አያት የጡረታ ገንዘቧን ታጣለች። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በእ.ኤ.አ. 2024 ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ የሆኑ ሰዎች ብቻ ወደ አምስት ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በበይነ መረብ ወንጀል ማጣታቸውን አመልክተዋል ይላል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የኛ ልጅ ከኋላው ዱላ ቆሞበት ይጽፋል። መሐል ላይ አንድ ቀልደኛ ገብቶ ልጁን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጫውተው ቢያድር፥ ጠዋት የሚገረፈው ማን ነው? የግቢው ባለቤት አይደለም።

ለአጭበርባሪ አልከራከርም። የእማማን 14 ሺህ ብር የበላው ሰው በኛው ቋንቋ፥ በኛው ለዛ «እማማ» እያለ የበላ ነው፤ ማንም አላስገደደው ይሆናል፤ ሕግ ፊት ቢቀርብልኝ ደስታዬ ነው። ነገር ግን በስልኩ መስኮት ውስጥ ማን ነፃ ሌባ፥ ማን እስረኛ እንደሆነ ተመልካቹ አያውቅም፤ ቀልደኛውም ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ተመልካች በበዛ ቁጥር ከማስታወቂያ ገንዘብ ያገኛል፤ ያ የተዘረፈችዋን ሴት ኪስ አይሞላም። ጂም ብራውኒንግን ከሌሎቹ የምለየውም በዚህ ነው። እየተዘረፉ ያሉትን ሰዎች ስልክ ፈልጎ ደውሎ «ይቁሙ፥ አይላኩ» ያለባቸው ጊዜያት አሉ። ማሳቁ ሁለተኛ ነው።

ሌላም አለ። ሁላችንም ስንስቅ እማማ ለምን አልሳቁም? ቀልደኛው የሚያስመስላት ያቺ የደነቆረች፥ መነጽሯ የጠፋባት፥ ኮምፒዩተር የማታውቅ አሮጊት እሳቸው ናቸዋ! ልጆቻችን በዚያች አሮጊት ድምፅ ሲስቁ እየሰማች «እኔም ተታልያለሁ» ብላ አፏን የምትከፍት እናት ታገኛላችሁ? ስምንት ወር ዝም ማለታቸው አይገርመኝም።

ዝምታው ደግሞ ያስከፍላል። ገንዘቡ በወጣ ደቂቃ ወደ ቴሌብር 127 ተደውሎ ቢሆን፥ ለፖሊስም ቁጥሩ ተይዞ ቢቀርብ፥ ተስፋ ነበር። አሁን ቁጥሩንም አጥፍተውታል፤ «ዓይኔ እንዳያየው» ብለው። እናንተ እንዲህ ያለ ቢገጥማችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት የመጣውን መልእክትና ቁጥር ጻፉት። በስልክ የሚመጣን የማረጋገጫ ቁጥርና የሚስጥር ቁጥርን ለባልም ለልጅም አትንገሩ፤ እውነተኛ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አይጠይቃችሁም። የውጭ ሥራ አገኘሁ የሚል ልጅ ካላችሁም የደስታውን እልልታ ለጊዜው ያዙትና፥ አሠሪው ማን ነው፥ ውሉስ የት ተመዘገበ ብላችሁ ጠይቁ።

ያን እሑድ ማታ እማማን እስከ በራቸው ሸኘኋቸው። ትልቋ ልጃቸው ከሥራ ተመልሳ ራት ታሞቃለች። ምን እንደገፋፋቸው እንጃ፥ በቆሙበት ነገሯት። ትቆጣለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ማማሰያውን አስቀምጣ ትንሽ ዝም አለችና፥ ባለፈው ዓመት ቤት አከራያለሁ ላለ የቴሌግራም ደላላ የቀብድ ስድስት ሺህ ብር ልካ እንደቀረች ነገረቻቸው። እሷም ለማንም አልተናገረችም ነበር።

«ስንት አልሽ?» አሉ እማማ።

«ስድስት ሺህ።»

«የኔ ይበልጣል» አሉና፥ ከዚያን ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ሲሉ ሰማኋቸው።