የሠራተኛ ማሠልጠኛ ትምህርት በውል ስለማሠራት

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሠፈር፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን የሚረከበው የማጠናቀቂያ ሥራው ሳያልቅ በመሆኑ፣ ሴራሚክ፣ ቀለም፣ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ ዋና ተፈላጊ ሸቀጦች ናቸው። ይሁን እንጂ በእንደዚህ ያሉ ሱቆች የሚቀጠር ወጣት ሥራውን የሚለምደው ብዙውን ጊዜ እየተሳሳተ ነው፤ የስሕተቱም ዕዳ ወይ በባለሱቁ ካዝና ወይ በወጣቱ ደመወዝ ላይ ያርፋል።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆነው፣ የማሠልጠኛ ትምህርት ማዘጋጀትን ሙያው አድርጎ፣ በቋሚነት ሳይቀጠር ለየሥራው እየተዋዋለ የሚያገለግል ባለሙያ ነው። ሙያው በተለይ የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ አሜሪካ ወታደሮቿንና የፋብሪካ ሠራተኞቿን በአጭር ጊዜ ለማሠልጠን በተገደደች ጊዜ ነበር።

ነጋዴው ግን «ስለ ሽያጭ ስልሳ ገጽ መጽሐፍ አዘጋጅልኝ» ብሎ ቢያዝ ገንዘቡን ከሰረ ማለት ነው። ባለሙያው የሚያውቀው ማስተማርን እንጂ ሴራሚክ መሸጥን አይደለምና፣ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው የገጹ ብዛት ሳይሆን እንዲቀር የሚፈለገው ስሕተት ነው። ለምሳሌ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር ነው። አንዱ ካርቶን 1.44 ካሬ ሜትር ቢሸፍን፣ ሻጩ 9 ካርቶን ይበቃል ይላል፤ ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው 10 በመቶ ሲጨመር ግን 10 ካርቶን ያስፈልጋል። ገዢው ለጎደለችው አንዲት ካርቶን ሲመለስ የቀድሞው ምርት አልቆ፣ አዲሱ በቀለሙ ጥቂት ይለያል፤ ያን ጊዜ ጠብ ይነሣል። ለመብራት የሚሆነውን ባለ 1.5 ሽቦ፣ ባለ 2.5 ለሚያስፈልገው ሶኬት መሸጥ ደግሞ ከጠብም አልፎ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

እንዲህ ያለውን ነገር ለባለሙያው የሚነግረው የሱቁ ነባር ሻጭ ነው። ነጋዴው በገበያ ቀን ይህን ሰው ለሁለት ሰዓት መልቀቅ ይከብደዋል፤ ቢሆንም ለባለሙያው ከሚከፈለው ገንዘብ ይልቅ ሥራውን የሚያሳምረው ይህ ሁለት ሰዓት ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ ተመልክቶ የሚያጸድቀው ማን እንደሆነ (አንድ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ሦስት ወንድማማቾች በየተራ የሚያርሙት ጽሑፍ አያልቅም)፣ ክፍያውም መቼ መቼ እንደሚፈጸም ይገለጽ። የመጨረሻው ክፍያ፣ ትምህርቱ በአንድ አዲስ ሠራተኛ ተፈትኖ፣ ሠራተኛው ያለ ረዳት ሒሳቡን በትክክል ሲያወጣ የሚከፈል ቢሆን መልካም ነው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው፤ ባለሙያው ያንኑ ትምህርት ለጎረቤት ሱቅ መሸጥ ይችል እንደሆነ ግን በውሉ ውስጥ ቢጻፍ ክርክር ይቀራል።

ከታተመው ጋር በኮምፒውተር የሚታረመውንም ቅጂ መረከብ ያስፈልጋል፤ የካርቶኑ መጠን በተለወጠ ቁጥር ባለሙያውን እንደገና መቅጠር አይገባምና።