የአልጫው እርድ እና የጠርሙሱ እርድ

ባለፈው ወር አንዲት እናት ሴቨን ኮርነርስ ባለችው ምግብ ቤቴ አልጫቸውን በልተው ሲጨርሱ ከቦርሳቸው ቢጫ ክኒን አወጡ። «ምንድነው እማማ?» አልኳቸው። «እርድ ነው ልጄ፤ ጉበት ያጸዳል ብለውኝ ነው» አሉ። «አሁን የበሉትም እኮ እርድ አለበት!» ብዬ ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ።

እርድ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ አገር ቤት ቴፒ አካባቢ ይበቅላል። ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በላቦራቶሪ ውስጥ የጉበት ሕዋስ ላይ ሲሞከር «አውቶፋጂ» የተባለውን ሥራ ሊቀሰቅስ እንደሚችል ታይቷል።

ልጆች፣ አውቶፋጂ በግሪክኛ «ራስን መብላት» ማለት ነው። አትደንግጡ! ሕዋሳችን ያረጀውንና የተበላሸውን ክፍሉን በትንሽ ከረጢት ሰብስቦ ይፈጨዋል፤ የሚጠቅመውን መልሶ ይሠራበታል። እኛ ማታ ምግብ ቤቱን ስንዘጋ ወጥ ቤቱን እንደምናጸዳው ነው። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህን በእርሾ ላይ አጥንተው በ2016 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ታዲያ ክኒኑን እንዋጥ? ቀስ በሉ። ላቦራቶሪ ያለ ሕዋስ ሙሉ ሰው አይደለም። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ 3 እጅ ገደማ ነው፤ ሰውነታችንም ብዙውን አይቀበለውም። ክኒኑ ላይ ግን ኩርኩሚኑ ተጣርቶ ይበዛል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ወደ ደም ቶሎ እንዲገባ የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ጥናት ከእርድ ክኒን ጋር የተያያዘ የጉበት ጉዳት የደረሰባቸውን 10 ሰዎች መዝግበዋል፤ 5ቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ 1 ሰው ሞቷል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ የደረሰበት ሰው ግን ጉበቱን ሊያድን ብሎ ነው የጎዳው።

ስለዚህ አልጫችሁን በደስታ ብሉ። ክኒን የምትወስዱ ካላችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ሰውነት ካሳከከ ክኒኑን አቁማችሁ ቶሎ ታከሙ።

ልጆች፣ ለእናንተም አደራ አለኝ። ለአያቶቻችሁ ክሊኒክ ስታስተረጉሙ ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲል እነሱ «ምንም» ይላሉ፤ እርዱን መድኃኒት ብለው አይቆጥሩትም። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ።

እኚያን እናትም እንዲሁ መክሬያቸዋለሁ።